ከጭዱ ሥር ያየሁት

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉንም ችግኙንም ያወቅሁት በራሴ ነው። በቆሰበር ዙሪያ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክሎ መሀሉ ላይ ጤፍ በመዝራት የሚበልጠኝ የለም፤ ዛሬም ቢሆን የለም። ጤፉ ከታጨደ በኋላ ውርጭ እንዳይመታው የችግኙን ሥር ጭድ አልብሱት ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አለኸኝ የሚባለው ጎረቤቴ ሰምቶኝ አለበሰ። ፋሲካ ሳይደርስ ችግኙ ሁሉ ቅርፊቱ ዙሪያውን ተልጦ ደረቀ።

«የይታይሽ በጎች ናቸው» አለ። ይታይሽ ድንበርተኛው ናት፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በነዚያ በጎች የምታሳድግ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። ማሳው ይታይ ሲባል «ለዚህማ እኔ እበቃለሁ» ብዬ ብቻዬን ሄድኩ።

ጭዱን ገለጥኩ። የአይጥ ጎጆ ነው፤ ዓይናቸው ያልተገለጠ ልጆች ተኝተውበታል። ግንዱ ላይ በመርፌ የተጫረ የሚመስል የጥርስ ምልክት አለ። ያን ሞቃት ቤት ለአይጥ የሠራሁላት እኔ ነኝ። አየሁ። አየሁና ጭዱን መልሼ ከደንኩት።

ለምን? ሰው «ጭድ አልብሱ ያለን እሱ ነው» እንዳይለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ተመልሼ «በግ ነው» አልኩ። ይታይሽ ወደ እኔ ዞራ፣ «አያ ጥሩነህ፣ በጎቼ እኮ ታስረው ነው የሚውሉት! እርስዎ ያውቃሉ!» አለች። አዎ፣ አውቅ ነበር። በጎቿ ለካሳ ተነዱ፤ እሷም ልጆቿን ይዛ ዳንግላ ገባች። እኔ በዚያው ቀን ከራሴ ችግኞች ሥር ጭዱን አንስቼ ዙሪያቸውን ባዶ አደረግሁ። የኔዎቹ ዳኑ። «የአያ ጥሩነህ እጅ!» ተባለ። ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን ምስጋና ቆሞ የሚቀበል? እኔ ተቀበልኩ።

ዘንድሮ ልነግራት ዳንግላ ሄድኩ። ገበያ ዳር ድንች ስትሸጥ አገኘኋት። ገና አፌን ስከፍት፣

«ውይ አያ! ያኔ ‹አንዷን በግ እንኳ ተዉላት› ያሉልኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ እኮ። ስምዎን ሳላነሳ ጸልዬ አላውቅም» አለችኝና ድንች በፌስታል ሞልታ አስያዘችኝ።

አፍ አያጣም የምባለው ሰውዬ ፌስታሉን ይዤ ሚኒባስ ገባሁ።

ድንቹን መብላትም መጣልም አቃተኝ፤ ጥግ ላይ እንደተቀመጠ እያቆጠቆጠ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሷ ግን ዛሬም ስሜን ጠርታ ትጸልያለች። ተይው እንኳ ልላት አልቻልኩም።