ሙሉ ቁመት ፎቶ

ሰው ሲስቅልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ለምን ሳቀ ብዬ ነው። አመሌ ነው፣ አልደብቅም። ስለዚህ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ቆቦ መጥቶ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ምንጣፍ ዘርግቶ «ሰርከስ ላስተምር» ሲል፣ ሰፈሩ ሁሉ ደስ ሲለው እኔ ግን ጠረጠርኩት። አንዱ ከደሴ ነው ይላል፣ አንዱ ከአዲስ አበባ። ዘመድ የለው፣ ሚስት የለችው፣ ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ላገኘው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ፈልጎ ነው እኛ ጋ የሚመጣው?

የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን ሜዳው ላይ ከሚገለባበጡት አንዷ የኔ ልጅ ናት። ያለችኝም እሷው ብቻ ናት። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት አልመጣ ብሏት ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ ከርማ፣ ድንገት በየቀኑ ከሰዓት በቀሚሷ ሥር ሱሪ አጥልቃ መውጣት ጀመረች። ማታ ስትመለስ ጉልበቷ ተልጦ፣ ፊቷ ግን በርቶ ነው። ያ የበራ ፊት ይበልጥ አስፈራኝ።

ታላቅ እህቴም ወደ ዐረብ አገር ከመሄዷ በፊት ፊቷ እንዲህ በርቶ ነበር። የላካት ደላላ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሁሉም ሲጀምሩ ጥሩ ናቸው። ግድግዳ አስደግፎ ከጸጉሯ እስከ ጫማዋ ፎቶ አነሳት። እዚያ ያሉ እመቤቶች ሠራተኛ የሚመርጡት ሙሉ ቁመት ፎቶ አይተው ነው። እኛ አገር ጉርድ ፎቶ የመታወቂያ ነው፤ ሴት ልጅ ቆማ ሙሉ ቁመቷን ከተነሳች ግን ወዴት እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል። እህቴ ተመልሳ መጥታለች፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ስሟን ሲጠሯት አትዞርም። ቀኑን ሙሉ የእናታችን ቤት ጥግ ተቀምጣ እጇን ታጥባለች፤ ውሃ ሳይኖርም ታጥባለች።

ይህን ሁሉ ጭንቀት የማወራው ለጎረቤቴ ነበር። ግድግዳ እንጋራለን። ልጄን ስወልድ ወገቤን ይዛ ያደረችው እሷ ናት። ማንንም ሳላምን እሷን አምናለሁ፤ ማመኔ ራሱ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። «የኔ እህት» አለችኝ፣ «ይሄ ሰውዬ ነገር አለው። ከልጅሽ ላይ ዓይንሽን እንዳታነሺ።»

በጎብዬ ገበያ ቀን ትርኢት ያሳያሉ ሲባል ሁለታችን በሚኒባስ ሄድን። እኔ ሽንኩርት ልሸጥ ነው ብዬ ጆንያ ተሸክሜ ነበር፤ ሽንኩርቱን ግን አልፈታሁትም። ከሰዉ ኋላ ቆሜ ያን አስተማሪ በዓይኔ መከታተል ያዝኩ።

ትርኢቱ ስለ ጎርፍ ነበር። እዚህ ቆላው ላይ ዝናብ ብዙም አይወርድልንም፤ ማሽላችን የሚጠጣው ከደጋው ተራራ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ ጠልፈን ነው። ደንቡ፣ ከላይ ያለው ማሳውን ካጠጣ በኋላ ለታች ይለቃል። ከላይ ያለው ጉልበተኛ ሲሆን ግን ግድቡን ከፍ አድርጎ ሁሉንም ያስቀራል። እኔም ቦዩ ከሚያልቅበት ላይ ትንሽ ማሳ አለችኝ፤ ዘንድሮም ውሃ ሳያገኛት ቀርቷል።

ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ወጥተው እንደ ተራራ ቆሙ። ከላያቸው ልጄ ቆመች፣ ረጅም ቡናማ ጨርቅ ለብሳ። ጎርፉ እሷ ናት። ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተገለበጠች ስትወርድ ጨርቁ እየተፈታ ይከተላታል። መሃል ላይ ያሉት ጨርቁን ያዙት፣ ጎተቱት፣ ወገባቸው ላይ ጠመጠሙት። ከታች የተቀመጠችው ትንሽ ልጅ መዳፏን ዘርግታ ቀረች። አንዱ ልጅ ወደ ገበያተኛው ዞሮ «ቦዩን ማን ይክፈትላት?» አለ። አንድ ከላይ በኩል መሬት ያለው ሰውዬ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ፤ ገበያው ከኋላው ሳቀበት። እኔ ማሽላዬ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። እንዴት ደላላ ያስለቅሰኛል?

ሰዉ ሲበተን አስተማሪው ስልኩን አወጣና ከልጆቹ ሴቶቹን በነጭ ግድግዳ ፊት ተራ በተራ ማቆም ጀመረ። «ቀጥ በይ። እጅሽን ወደ ጎን። እግርሽም ይታይ።» ልጄ ላይ ሲደርስ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አልኩት።

«ለማስታወቂያ ነው እናቴ። ዋጃ ስናሳይ የሚሰቀል ሸራ ልናሠራ ነው።»

«ሸራ! እሱን ለማያውቅ ንገር። እህቴንም እንዲህ ነው ያቆሟት።»

ፊቱ ተለወጠ። ስልኩን ዘረጋልኝ። «ይውሰዱ፣ እርስዎ ያጥፉት» አለኝ። የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ በዚያ መስታወት ላይ ምን እንደምነካ አላወቅሁም። ጎረቤቴ መሃል ገባች። «ቆይ፣ እንዳይጠፋ! ማስረጃ ነው። ነገ ሕግ ፊት ብንቀርብ ምን እናሳያለን? መጀመሪያ ወደኔ ስልክ ላከው፣ ከዚያ አጥፋው።» ከእኔ የተሻለ አሰበች ብዬ «ልክ ናት፣ ላክላት» አልኩ። ላከላት፣ አጠፋው። ልጄ ቡናማው ጨርቅ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ቆማ ሁሉንም ታያለች። ክንዷን ይዤ ወደ ሚኒባሱ አስገባኋት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰርከስ የሚባል ነገር ቀረ። «እሺ እማዬ» ብቻ አለችኝ። እሺታዋን ጠረጠርኩት፤ በመስኮት ትወጣለች ብዬ ጠበቅኋት። እሷ ግን ቤት ታጸዳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ከሰዓት ጎረቤቴ ቤት ገብታ ትጫወታለች። የምታወራው ሰው አገኘች ብዬ ልቤ ረጋ። የዋጃው ትርኢት ጎርፍ የሚሆን ሰው ጠፍቶ ቀረ ሲሉኝ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ደመናው አስፈራርቶኝ ከገበያ በጊዜ ገባሁ። ልጄ አልጋዋ ላይ ልብሷን እያጣጠፈች ነው። አጠገቧ የማላውቀው አዲስ ጥቁር አባያ ተዘርግቷል።

«ይሄ የማነው?»

«የኔ። እትዬ ናት የሰጠችኝ።» እትዬ የምትላት ጎረቤቴን ነው።

«ለምን?»

የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኋት አየችኝ። «ሐሙስ ከእሷ ጋር ወደ ደሴ እንሄዳለን አይደል? ፓስፖርቱ እዚያ ይወጣል። የዐረብ አገሯ እመቤት ፎቶዬን አይታ ወዳኛለች።»

«የቱን ፎቶ?»

«የጎብዬውን። አንቺ ለእትዬ ያስላክሽላትን።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «እኔ ነኝ ሂጂ ያልኩሽ?»

«በአፍሽ አላልሽም። ግን ከሰርከሱ አወጣሽኝ፣ ፎቶዬን ለእሷ አሰጠሽ። እትዬም ‹እናትሽ ልትነግርሽ አፍራ ነው፤ ማሽላውም ደርቆባታል፣ አንቺን መቻል ከብዷታል› አለችኝ። አንቺ የፈለግሽው መስሎኝ ነው እሺ ያልኩት።»

«አክስትሽን እያየሽ?»

«እያየኋት» አለችና አባያውን ማጣጠፍ ቀጠለች።

አባያውን ከእጇ ነጥቄ ጎረቤቴ ደጃፍ ላይ ወረወርኩት። ወጥታ አነሳችው፣ አቧራውን አራገፈች። «ለልጅሽ አዝኜ ነው» አለችኝ፤ ድምጿ ልጄን ስወልድ የሰማሁት ያው ለስላሳ ድምጽ ነው። በሳምንቱ ዘመድ ልጠይቅ ብላ ወጣች፤ ቤቷ እንደተቆለፈ ነው።

ልጄን አባያውን በወረወርኩ ማግስት ራሴ ሜዳው ድረስ ወሰድኳት። አስተማሪው ጨርቁን አምጥቶ ሰጣት። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ከሰዓት ከሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጁን አያለሁ፤ ልጄን ሲይዝ የት እንደሚይዝ፣ ሲለቅ እንዴት እንደሚለቅ። እስካሁን ክፉ ነገር አላየሁም።

ባለፈው የዋጃው ትርኢት እንደገና ተወሰነ ሲሉኝ፣ ሽንኩርቴን ሸጬ ቀለል ያለ ሸራ ጫማ ገዛሁላት፣ ለመዝለል የሚመች። ደስ ይላታል ብዬ፣ ለዋጃው እንደሆነ ሳልነግራት፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ጫማውን አልለካችም። ገልብጣ ሶሉን አየችው፣ ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«እማዬ» አለችኝ፣ ሳትስቅ፣ «ወዴት ልትልኪኝ ነው?»