መርቆሬዎስን የሚያከብረው በሬ

አባቴ አንድ በሬ አለው፤ ሙስሊሙ ጎረቤታችንም አንድ። ሁለቱን አቀናጅተው የማሽላ ማሳቸውን በየተራ ያርሳሉ። በሬዎቹ አርብ ለጎረቤታችን ሲባል፣ ወር በገባ በሃያ አምስት ደግሞ ለሰማዕቱ መርቆሬዎስ ሲባል ያርፉ ነበር።

አሁን አሁን የቆቦ ባጃጅ ሁሉ የሚለጥፈው የጊዮርጊስን ስዕል ነው፤ መርቆሬዎስን የሚያስታውሰው ጠፍቷል። አባቴም ዘንድሮ ዝናቡ ቢያስቸኩለው፣ በሃያ አምስት ማለዳ ቀንበር ተሸክሞ ጎረቤታችን ደጅ ቆመ። እኔም ተከትዬው ነበር። ሰውየው በረቱን አልከፈተም።

«ወላሂ አይሆንም፤ በሬዬ ዛሬ በዓሉ ነው» አለ።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አባቴ ግን አኩርፎ ተመለሰ።

እሁድ ቄሱ፣ «እናንተ ሰፈር መርቆሬዎስን የሚያከብር ማን ቀረ?» ብለው ጠየቁት።

«አንድ በሬ አለ፣ አባ» አለ፤ «እሱም የሙስሊም ነው።»