የፈዬራ ግራ እጅ

በደርግ ጊዜ ፈዬራ የሚባል ጎረቤት ነበረኝ፤ ናዝሬት ውስጥ ጋሪ ይነዳ ነበር። ጴንጤ ነው። እኔ «ጸረ-ማርያም» እለዋለሁ፤ ፊት ለፊቱ ነው የምለው፣ ሰው ማማት አልወድም። ይስቃል።

ቀበሌ ስብሰባ ላይ ለመፈክር ግራ እጄን አላነሣም ብሎ ታሰረ። «ለጌታ እንጂ ለሌላ አላነሣም» አለ። አይ ፈዬራ! እኛስ የምናነሣው አምነንበት መሰለው እንዴ? ሚስቱ ጉዲቱ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል።

በዚያው ሰሞን የቀበሌው ኪነት ለአብዮት በዓል አንድ የቆየ የፈረንጅ ኮሜዲ ያዘጋጃል። ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ ክፉ ነጋዴ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሳቂያ ይሆናል፤ በመጨረሻ ሃይማኖቱን ክዶ ምሕረት ያገኛል። ነጋዴውን ጴንጤ አደረጉት። ጴንጤ ሆኖ የሚጫወት ግን ጠፋ፤ ሁሉም ስም እንዳይወጣለት ፈራ። የቀበሌው ሊቀመንበር «እስር ቤታችን ውስጥ አለ አይደል?» አለ።

ለፈዬራ ነገሩት፦ መጨረሻ ላይ ግራ እጅህን ካነሣህ ወደ ሚስትህ ትሄዳለህ፤ ካላነሣህ ወደ እስርህ። «እጫወታለሁ፤ እጄን ግን አላነሣም» አለ። ሰው ፊት ሲቆም ያነሣል ብለው ተዉት።

በበዓሉ አዳራሹ ጢም አለ፤ ከበላይ አካል የመጣ ካድሬም ከሊቀመንበሩ ጎን ተቀምጧል። ጉዲቱ ሆዷን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። ዳኛውን የሚጫወተው ፀጉር አስተካካዩ ነጋሳ ነው፤ በቀበሌው ስብሰባ ድምፅ የሚያሰጠውም እሱ።

«ምረንሃል! ግራ እጅህን አንሣ!»

ፈዬራ ሁለት እጁን ወደ ታች እንዳደረገ ቆመ።

«አንሣ እንጂ!»

ሰዉ የጨዋታው ክፍል መስሎት አውካካ። ጉዲቱ እጄን ጭምቅ አደረገችው።

ነጋሳ ላብ በላብ ሆነ። ቃለ ተውኔቱ ጠፋበትና አፉ የለመደውን አወጣ።

«ምሕረቱን የሚቃወም?»

ማን ደፍሮ!

«ድምፅ የሚያቅብ? የለም። በጭብጨባ ይጽደቅ!»

መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን ጭብጨባ ሰምቶ እጁን የሚሰበስብ የለም፤ ከበላይ የመጣው ካድሬም አጨበጨበ። ካድሬው ካጨበጨበ ሊቀመንበሩ ምን ይሁን? አጨበጨበ።

ትያትሩ ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ፈዬራን ወደ እስር ሊመልስ ሲል ካድሬው ቆጣ አለ። «ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ በጭብጨባ ያጸደቀውን ልትሽር ነው?»

ፈዬራ ቤቱ ገባ። እልል ልል ቃጣኝ፤ ለጴንጤ!

በሳምንቱ ጉዲቱ ወለደች። ገንፎ ይዤ ሄድኩ። በሩን የከፈተው ፈዬራ ነው።

«እንኳን ማርያም ማረችልህ» አልኩት። ምን ላድርግ፣ ሌላ አላውቅም።

ጎንበስ አለና «አሜን፣ እትዬ በላይነሽ» አለኝ። ገንፎዬንም በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ በግራውም ጭምር።