ማራገቢያው እስኪቆም

«ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ ሰባ ዓመተ ምሕረት» ትላለች የትምወርቅ፣ ስለ ወንድሟ በተጠየቀች ቁጥር። ወዲያው ራሷን ትጠራጠራለች። «አይ፣ ሃያ ሦስት ቢሆን የወዛደሮች ቀን ነው፤ ሰልፍ እንወጣ ነበር። ያን ቀን ሰልፍ የወጣ ሰው ትዝ አይለኝም። ዋዜማው ይሆን?» ቀኑ ይጠፋታል፤ ድምፁ ግን አይጠፋትም።

ድምፁ የዘይኑዲን ፊያት ማራገቢያ ነው። ዘይኑዲን ጎረቤታቸው ነበር፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ሱቅ ከፈቱ፣ እሱ ግን ከሱቁ ይልቅ መሪ መጨበጥ ወደደ። የመኪናዋ ማራገቢያ በባትሪ ስለሚሠራ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ራዲያተሩ እስኪበርድ ብቻውን ይዞራል። ያን ጠዋት ወንድሟን፣ መምህር ደመላሽን፣ ከሚያሳድዱት የአብዮት ጥበቃዎች አሽሽቶ ኮንጋ በሚባል የገጠር ቀበሌ፣ ቡናው ውስጥ ካለ ገበሬ ቤት አደረሰው። ሲመለስ የመንገዱን ቀይ ጭቃ ወንዝ ወርዶ ከመኪናዋ አጠበ። ግቢው ገብቶ ሞተሩን እንዳጠፋ ጠባቂዎቹ ደረሱበት። የትምወርቅ ከአጥሩ ወዲህ ሆና ታያለች።

«ጓድ ዘይኑዲን፣ ከየት ነው?» አለ ሽብሩ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ።

«የት እሄዳለሁ? መኪናዋ ከትናንት ወዲህ ከዚህ አልተነቃነቀችም።»

ሽብሩ ጆሮውን ዘንበል አደረገ። ከኮፈኑ ሥር ማራገቢያው ያጓራል።

«ታዲያ ቆማ የዋለች መኪና ምን ሆና ነው የምታለከልከው?»

ዘይኑዲንን ወሰዱት። በማግስቱ ደመላሽን ከኮንጋ አመጡት፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ዘይኑዲን ከወራት በኋላ አንድ እግሩን እየጎተተ ተፈታ። ኮንጋ የሚለውን ቃል ያወጣው እሱ ነው ወይስ መኪናዋን መንገድ ላይ ያየ ሌላ ሰው? ይህን የሚያውቅ አልተገኘም።

«ጠይቂው» ትላት ነበር እናቷ። «እሱም ቢሆን አልረግመውም፤ ዱላ ያናግራል። ሳላውቅ ግን አልሙት።» ሳታውቅ ሞተች።

ከእስር ወዲህ ዘይኑዲን አንድ ልማድ አመጣ። መኪናዋን ባቆመ ቁጥር ማራገቢያው እስኪቆም ከኮፈኑ ፊት ይገተራል። የመናኸሪያ ሥራ ፈቶች ይቀልዱበታል።

«ዘይኑ፣ ፍትሐት እያስደረስክላት ነው?»

«ሳትጨርስ አልተዋትም» ይላል፣ ሳይስቅ።

የትምወርቅ ያን ድምፅ በሰማች ቁጥር ልትጠይቀው በሩ ድረስ ትሄድና ትመለሳለች። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

በሰባ ሰባት ሐምሌ ዘይኑዲን ቤተሰቡን ይዞ አዲስ አበባ ሊገባ ሆነ። በመጨረሻው ጠዋት ዕቃ ስታመላልስ የቆየችው ፊያት ፍራሽ ተሸክማ የትምወርቅ ደጃፍ ላይ ቆመች። ሚስቱ ራዚያና ልጆቹ ከውስጥ ናቸው። ሞተሩ ጠፋ፤ ማራገቢያው ቀጠለ። ዘይኑዲን ወርዶ እንደ ልማዱ ቆመ። ማራገቢያው እስኪቆም እንደማይሄድ የትምወርቅ ታውቃለች። ዛሬ ካልጠየቀችው መቼም አትጠይቀውም።

ግን ሰው ሰላም ሳይባል እንዴት ይጠየቃል?

«እንዴት አደርክ ዘይኑ? እግርህስ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቺስ የትሜ? ቤቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ራዚያስ? ልጆቹስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ሥራስ እንዴት ይዞሻል?»

«ይመስገን። ዝናቡ መንገድ ላይ እንዳይዛችሁ…»

ካፊያው ኮፈኑ ላይ ይረግፋል። ማራገቢያው ድምፁ ቀጠነ።

«ትናንት የእናትሽ መቃብር ሄጄ ነበር» አለ ዘይኑዲን፣ ዓይኑን ከኮፈኑ ሳይነቅል። «ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው።»

የትምወርቅ አንድ እርምጃ ቀረበችው። «ምን ብለህ?» የሚለው ከአፏ ሊወጣ ነው። ብርዱና ካፊያው አገዙት መሰል፣ ማራገቢያው ከሌላው ቀን ቀድሞ ቆመ።

«በይ የትሜ፣ በሰላም ያገናኘን» ብሎ እግሩን እየጎተተ ገባ።

«ዘይኑ…»

በሩ ተዘጋ። ፊያቷ ተነስታ ወደ አስፋልቱ ወጣች።