ዳለቻ ሥር ያለው ድንጋይ

ጥቅምት ገብቶ የወልድያ ጠዋት ጆሮ ቆንጠጥ ማድረግ ሲጀምር፣ አንድ ጎልማሳ ሚዛንና ብረት መቁረጫ ጋዝ በጫነ መኪና ግቢዬ ድረስ መጣ። ዙሪያውን ቃኘና «አባባ፣ ይሄን ሁሉ ዝገት አቅፈው ምን ያደርጉታል? በኪሎ ልውሰድልዎ፤ ቀልጦ የቤት ብረት ይሆናል» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አክብሮኝ ነው የተናገረው። ጥግ ላይ የቆመውን የጭነት መኪና በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «ከዚህ ልጀምር?» ሲለኝ ግን እጁን ያዝኩት።

«እሱን ለጊዜው ተወው።»

«ለምን? የማን ነው?»

የማን ነው! ይህን ጥያቄ በዚህ ግቢ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ።

ድሮ ይህ ግቢ የተጋጩና ያረጁ መኪኖች የሚፈቱበት ነበር። ከቆቦ እስከ መርሳ ባለው መንገድ አንድ ነገር የተሰበረበት ሾፌር ሁሉ ወደኛ ይመጣል። ዕቃውን ስንሰጠው ከየትኛው መኪና እንደወጣ አብረን እንነግረዋለን። «ይሄ ማርሽ የዚያ የሐራው ሰውዬ ነው፤ ዳገት አይፈራም» እንለዋለን፤ እሱም ደስ ብሎት ይሄዳል። ዛሬ ዕቃው በካርቶን ታሽጎ ሱቅ ውስጥ ተደርድሯል። ታሪክ የለው፣ ወላጅ የለው። በቅርቡ ጦርነት መንገድ ዳር ተቃጥለው የቀሩትንም መኪኖች ብረት ገዢዎች ክረምት ሳይገባ አንስተው ጨረሷቸው። የማን እንደነበሩ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

የግቢው ባለቤት ሐጂ እንድሪስ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ቡሎን መፍታትን ግን እሳቸው አስተማሩኝ። አንድ ደንብ ነበራቸው። ሾፌሩ የሞተበት ወይም ሳይመለስ የቀረበት መኪና ሲመጣ ማንም አይነካውም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው መጥቶ የመጀመሪያዋን ቡሎን በገዛ እጁ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ነው እኛ የምንገባው። «የመጀመሪያዋ የቤተሰብ ናት» ይሉ ነበር። በዚህ ደንብ ምክንያት ስንት መኪና ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ኖሯል።

እንግዲህ የማወራው በደርግ ጊዜ ስለነበረው የሰሜኑ ጦርነት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የመርሳው ሾፌር ሰይድ እህል ጭኖ ወደ ላይ ወጣና ሳይመለስ ቀረ። መኪናውን ሌሎች ሾፌሮች መንገድ ላይ አገኙት፤ መስተዋቱ ረግፎ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ቁልፉ እንደተሰካ። ሰውየው የለም። ሬሳውም የለም። ጎትተው እኛ ዘንድ አመጡት። ሰይድ መኪናውን ዳለቻ ይለው ነበር፤ ቀለሙ የዳለቻ በሬ ስለሚመስል። ሚስቱ ዘሀራ አንድ ቀን መጥታ በሩን ዳበሰችና «ይምጣና ራሱ ያስፈታው» ብላ ተመለሰች። ሐጂም «ሰምታችኋል» አሉን። በቃ፣ ዳለቻ ቆመ።

ወሩ እንደዛሬው ጥቅምት ነው። ሐጂ ለለቅሶ ወደ ሐራ ሄደው ብቻዬን ነኝ። ግርማ የሚባል ሾፌር እየሮጠ ገባ። ከወደ ቆቦ የሸሸ ሰው በመኪናው ጭኖ ሲመጣ የኋላ ግራ ባሌስትራው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ተሰብሮበታል። ወጥቼ ሳይ ያ ሁሉ ሰው ወርዶ መንገድ ዳር ተቀምጧል፤ እናት፣ ሕፃን፣ ፍራሽ፣ አንድ ፍየል።

«ወንድሜ፣ መንገዱ ነገ ይዘጋል እየተባለ ነው» አለኝ ግርማ። «እነዚህን ደሴ ካላደረስኩ እዚህ ሜዳ ላይ ሊቀሩብኝ ነው። ለዚህ መኪና የሚሆን የለህም?»

«የለኝም።»

«ያ ጥግ ያለውስ? ወንድማማች ናቸው እኮ!»

«እሱ አይነካም። ባለቤቱ አልመጣም።»

«መቼ ይመጣል?»

ዶሮ በብብቷ ያቀፈች አሮጊት ከተቀመጠችበት ሆና «አንተ ልጅ፣ ብረቱን ስጠውና ዶሮዋን ውሰዳት፤ እሷም በድንጋጤ እንቁላል መጣል አቁማለች፣ ብትሄድም አልጎዳም» አለች። በዚያ ጭንቅ መሀል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አብሬው የሳቅሁት ሰው ሜዳ ላይ ሲቀር ማየት አቃተኝ መሰለኝ፣ ቁልፌን አነሳሁ።

ዳለቻ ሥር ተንጋልዬ «ሰይድ፣ ይቅር በለኝ» አልኩና ፈታሁ። ባሌስትራው ሲወጣ መኪናው ወደ ግራ ዘመም አለ፤ ልክ ሲጠብቅ ውሎ እንደደከመው ሰው። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። ከአጥሩ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አንከባልዬ አመጣሁ፤ መኪናውን በክሪክ አነሳሁት፤ ድንጋዩን ከሥሩ አስገብቼ ቀጥ አደረግሁት። ራቅ ብዬ አየሁት። ቆሟል። ልቤ ግን አላረፈም።

የግርማ መኪና ተጠግኖ ሲነሳ እኔም አብሬ ተሳፈርኩ። ሐጂ ሳይሰሙ፣ ሌላ ሰው ሳይነግራት፣ ዘሀራ ከእኔ አፍ መስማት አለባት አልኩ። ሲሪንቃ ላይ ማሽላው ራሱን ደፍቶ እርሻው ቀላ ብሎ ነበር። መንገድ ዳር አንዲት ሴት የማሽላ እሸት እየጠበሰች ትሸጣለች፤ አሮጊቷ ገዝታ ለሁላችን በእፍኝ በእፍኝ አደለችን። ትኩስ ነው፣ ወተቱ ገና አልደረቀም። እስከ ዛሬ እሸት ስበላ የዚያን ቀን ፍርሃቴ አብሮ ይመጣብኛል።

መርሳ ስንደርስ ግርማ መኪናውን ከነሕዝቡ በሯ ላይ አቆመ። ዘሀራ ከማንጎዋ ሥር የሰይድን ካፖርት ፀሐይ ላይ እያሰጣች ነበር። እኔን ስታይ ፊቷ በራ።

«ወሬ አመጣህልኝ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር! ከግቢው ሰው ሲመጣባት ሌላ ምን ልትጠብቅ ኖሯል?

«የለም፣ እትዬ። አንቱን በድዬ ነው የመጣሁት። ከዳለቻ ላይ ባሌስትራ ፈታሁ። ሳላስፈቅድዎ።»

ካፖርቱን ከገመዱ አወረደችና አቀፈችው። ፍየሏ ጮኸች። በመጨረሻ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ዘመመ?»

«ዘሞ ነበር። ድንጋይ አስገብቼ አቃናሁት።»

«አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል?»

«ቀጥ ብሏል።»

ወደ ግርማ መኪና ሄደች፤ ሥሩ ጎንበስ ብላ ባሌስትራውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ ግርማን «አላህ በሰላም ያግባህ፤ ቀስ ብለህ ንዳ፣ እሱ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው» አለችው። ወደ እኔ ዞረችና «አንተ ደግሞ ድንጋዩን ጠብቅልኝ። ሲመጣ ዘሞ ካየው ይደነግጣል» አለች። የማሽላ ቂጣ በእርጎ ሰጥታኝ በልቼ ወደ ወልድያ ተመለስኩ።

ሐጂ አልጮሁብኝም። «ድፍረትህን አልወደድኩትም፤ መሄድህን ግን ወድጄዋለሁ» አሉና ዳለቻን እንድጠብቅ ለእኔ ሰጡኝ። ቅጣትም፣ ሹመትም ነበር። የሰይድ ወሬ ሳይመጣ ያ ጦርነት አለቀ። ሐጂም አረፉ፤ ግቢውን ለእኔ ተዉልኝ። በቅርቡ ጦርነት ሸሽተን ስንመለስ ቁልፎቼ ሁሉ ተወስደው ዳለቻ ግን ድንጋዩ ላይ ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ።

ብረት ገዢው ከመጣ በኋላ መርሳ ሄድኩ። ዘሀራ አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለየችኝ። ግቢው እንደማይቀጥል፣ እኔም እንደደከምኩ ነገርኳት።

«ድንጋዩስ?»

«አለ፣ እትዬ።»

«እንግዲያስ ዳለቻ ቆሞ ጠብቋል» አለች። «ከዚህ በላይ ማቆም ለእሱም ድካም ነው። ነገ እመጣለሁ።»

መጣች። እጇን ይዤ የመጀመሪያዋ ናት ብዬ ለእሷ ያቆየኋት ቡሎን ላይ አደረግሁላት፤ ቁልፉን ያዘችና ገፋች። ቡሎኗ ያለ ድምፅ ዞረችላት።

«እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?» አለች ተገርማ።

በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ያቺን አንዲት ቡሎን ዘይት እቀባት እንደነበር አልነገርኳትም። ምን ያደርግላታል? ቡሎኗን በሻሿ ጫፍ ቋጠረችና ዱዓ አድርጋ ሄደች።

ዳለቻ አሁን የለም። ግቢው ባዶ ሆኖ ሰፍቶብኛል፤ ሣር ብቅ ብቅ እያለ ነው። ድንጋዩን ግን አላነሳሁትም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እሱ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ሰው መጥቶ ድንጋዩ የማን ነው ቢለኝ መልስ አለኝ፤ የሰይድ ነው፣ ዘሀራ ጠብቅልኝ ያለችኝ።