ለራውተር ልክ የወሰደችው ልብስ ሰፊ

መርፌ የሚል ቅጽል የወጣላት ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ትወጋለችም። እንዲህ ሆና ግን ፎቅ ላይ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሟ አንገቷን ደፍታ ኖራለች። የኢንተርኔቱ መስመር በስሟ ቢገባም ራውተሩ የተቀመጠው እሱ ክፍል ነበራ። ደንበኞቿ የሚፈልጉትን ቀሚስ ፎቶ የሚልኩላት በዚያው ነው፤ እሱ ደግሞ ባኮረፈ ቁጥር ገመዱን ይነቅላል። ሻይ ቀዘቀዘብኝ ብሎ ሳይቀር ነቅሏል።

አንድ ቀን ገመዱ ተነቅሎ አንዲት ሙሽራ የላከችው የቀሚስ ፎቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረና ሙሽራዋ ሌላ ሰፊ ጋ ሄደች። መርፌ አላለቀሰችም። መስመሩን ታች ወዳለው ሱቋ አስወረደች፤ አዲስ ራውተርም ገዝታ መጣች።

ታዲያ ወዲያው አልሰካችውም። ሳይለኩ አይቆረጥማ! የቀሚስ ንድፍ በምታወጣበት ሰፊ ወረቀት ላይ በጠመኔ ሣለችው፦ እዚህ የራውተሩ ስም፣ እዚህ ቅንብሩን የሚከፍተው ዋናው የይለፍ ቃል፣ በዚህ በኩል ለሱቁ አንድ ዋይፋይ፣ በዚያ በኩል ለቤተሰብና ለእንግዳ ሌላ። ከፋብሪካው ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃልማ በወፍራሙ ሰረዘችው፤ እሱን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያውቀዋል።

ወንድሟ ከደረጃው ወረደ።

«ደግሞ ለራውተር ሱሪ ልትሰፊለት ነው?»

«ልኩን እየወሰድኩ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«በይ የይለፍ ቃሉ እኔ ጋ ይቀመጥ። ታላቅሽ ነኝ።»

«ታላቅነትህን ማን ነካው? ቃሉ ግን የትም አይሄድም።»

እንደ ንድፏ አስተካክላ ስትጨርስ በወንድሟ ስልክ ላይ «የመርፌ ቤት» የሚል ዋይፋይ ብቅ አለ። ወንድም ጋሼ መጀመሪያ የሞከረው የገዛ ስሙን ነው። እምቢ አለው። የገዛ ስሙን ከነአባቱ ሞከረ።

«ምንድን ነው ይሄ ቃል?»

«ብለኸኝ የማታውቀው ነው።»

አሰበ። «ጎበዝ?»

«እሱንም ብለኸኝ አታውቅም፤ ግን አይደለም።»

«ኧረ እባክሽ እህቴ፣ አታድርቂኝ።»

መቀሷ ቆመ። «አገኘኸው።»

«ምኑን?»

«እባክሽ እህቴ። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሳይነጣጠል።»

በአንድ ጣቱ እየፈለገ ጻፈው፤ ገባለት። ፊቱ ፈታ ሊል ሲል ወረቀቱን አየ። «ዋናውስ?»

«የገባኸው በእንግዳው በር ነው። ዋናውን ብትለምነኝም አልሰጥህም።»

አኮረፈ። እጁም በለመደው ወደ ግድግዳው ሄደ። ገመዱ ግን ከመርፌ ወንበር ጀርባ ነበር፤ መርፌም ከወንበሯ አልተነሳችም።