ባናዬን አውልቄ የገጠምኩት ሃርድ ዲስክ

ደብረ ብርሃን የሄድኩት ሃርድ ዲስክ ልገዛ ሆኖ ሳለ፣ ለታላቅ እህቴ «ዓይኔን ልታይ ነው» ያልኳት ለምንድን ነው? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። ብትሰማ አትከለክለኝም ነበር፤ ቢበዛ ትስቅብኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ በከተማችን በመሐል ሜዳ ጽሑፍ የሚተይብ አንድ ቤት ሲዘጋ የገዛሁት። በርቀት የምማረውን ዲግሪ ለመጨረስ የመመረቂያው ጽሑፍ ብቻ ሲቀረኝ፣ አንድ ጠዋት አልነሣም አለ። ሆዱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ ጭልም። የጻፍኩትን ፍላሽ ላይ ስለማስቀምጥ አልጠፋብኝም፤ ያጣሁት መጻፊያውን ነው። ሰው ከኋላዬ ቆሞ እያነበበ በሰው ሱቅ መጻፍ አይሆንልኝም፤ ሞክሬው አንድ መስመር አልወጣኝም። ማስረከቢያው ደግሞ ፋሲካን አይሻገርም። አንደኛ ክፍል የገባሁት የእኩዮቼ ልጆች ሲገቡ ነውና፣ ሌላ ዓመት መጨመር የሚባለውን ነገር ማሰቡ ራሱ ያንገሸግሸኝ ነበር።

«ለቆራሌው ስጪው፤ አንድ ሳፋ አያሳጣሽም» አለች እህቴ።

መጽሐፍ አገላብጬ የሞተው ሃርድ ዲስኩ መሆኑን ደረስኩበት። ፈታሁትና በሻርፕ ጠቅልዬ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄድኩ።

የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴው አገላብጦ አየው። «ማን ፈታልሽ?»

«እኔ።»

«እንዲህ ያለው እየጠፋ ነው» እያለ ከመደርደሪያው አንድ አወረደ። መሰኪያውን ከአሮጌው ጋር አስተያየሁት፤ አንድ ነው። እሱም አልበቃኝም።

«ወንድሜ፣ እዚሁ ሰክተህ አሳየኝ።»

«የመንዝ ሰው ነሽ መሰለኝ፤ ጥርሱን ሳታይ በግ አትገዢም።»

«ላቱንም እዳስሳለሁ።»

ሳቀ፤ ሰክቶም አሳየኝ፤ ዊንዶውሱንም በፍላሽ ሰጠኝ። ዕቃውን ብርማ ከረጢት ውስጥ ሲከተው ግን ኮስተር አለ። «ስትገጥሚ ተጠንቀቂ፤ ከልብስ የሚነሣ ትንሽ ብልጭታ ይገድለዋል።»

ብልጭታውን አውቀዋለሁ። በበጋ፣ በጨለማ የበግ ጠጉር ባናችንን ከላያችን ስንገፍ ጠጉሩ ጠሽ ጠሽ እያለ እሳት ይተፋል። በማግስቱ ቤቴ ገብቼ ባናዬን፣ ሹራቤን፣ የሱፍ ካልሲዬን ሁሉ አውልቄ በጥጥ ቀሚስ ብቻ ተቀመጥኩ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፤ ገመዶቹን ሰካሁ። ይሄኔ እህቴ በሩን ከፍታ ገባች።

«ምነው፣ በዚህ ውርጭ በቀሚስ?»

«ሞቆኝ ነው።»

«ደብረ ብርሃን ያዩልሽ ዓይንሽን ነው? ጭንቅላትሽን ባዩልሽ ይሻል ነበር» ብላኝ ወጣች።

አበራሁት። ጨለማው ቆየ፤ በጣም ቆየ፤ ከዚያ በሰማያዊ መደብ ላይ ፊደል ብቅ አለ። በሰርግ እንኳ ጥግ ይዤ የምቀመጠው እኔ ተነሥቼ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ፤ ለብርዱም ጠቀመኝ። ጽሑፌን ጨርሼ ሁዳዴ ሳይወጣ አስረከብኩ።

ማለፌ የተሰማ ዕለት እህቴ ደጃፋችን ላይ ለጎረቤታችን አሮጊት ታወራለች። «ያ ሰባራ ዕቃ እኮ፣ ከደብረ ብርሃን ባለሙያ መጥቶ ነው ያዳነላት።» ይህን ከየት እንዳመጣችው እንጃ። አላስቻለኝም።

«ማንም አልመጣም። የፈታሁት፣ ሄጄ የገዛሁት፣ የገጠምኩትም እኔ ነኝ።»

እህቴ ዞራ አየችኝ። ሳቋን እጠብቅ ነበር። እሷ ግን ወደ አሮጊቷ አገጯን ቀስራ፣ «እማማ አልሰሙሽም፤ ጮክ ብለሽ ድገሚላቸው» አለችኝ።

ደገምኩላቸው።